የጥም ሙከራ

አጎቴን ጠዋት ሳሎን ውስጥ ቦት ጫማቸውን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ሁለታችንም የምንሠራበት የምርምር ተቋም ቦት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ጭቃ ሲጠግብ የኖረ፣ ቀለሙ አረንጓዴ መሆኑን እኔ ራሴ ዛሬ ገና ያወቅኩት። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው፣ አንድ ስኒ ውኃ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከሶሉ ስንጥቅ ውስጥ ጭቃውን ይፈለፍላሉ። አንድ ስኒ ብቻ። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት፣ ጀሪካኑ ሠላሳ ብር በገባበት ሰፈር ሰው ቦት ጫማ አያጥብም፤ ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዕቃ የታጠበበትን ውኃ ለመጸዳጃ ቤት የሚያጠራቅሙት እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ሳስረክበው ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው» አሉኝ። ማንም አስረክቡ አላላቸውም ነበር። የተጠሩት ለአራት ሰዓት ነው፣ የሙከራ በቆሎ አጠጥተዋል በሚል፣ ለጥያቄ ብቻ። እሳቸው ግን ጥያቄውንም መልሱንም በሆዳቸው ጨርሰው ጫማው ላይ ደርሰዋል።

ብሩሹን ልቀበላቸው አልደፈርኩም። ምክንያቱን አሁኑኑ ልናገር፤ በኋላ ይቺ ሴትዮ ደበቀችን እንዳትሉ። አጎቴ የተከሰሱበትን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ። ያንን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባሌ ከጓዳ ወጥቶ ቦቱን አየ፣ ስኒውን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየ። ጎማ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ምንም ቢታጠብ ጥቁረቱ አይለቅም፣ አፉም ጠዋት ጠዋት እንደ እጁ ነው። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው «ለበቆሎ!» አለ። «ሰው ለልጁ ብሎ ሥራውን ያጣል፣ ለሚስቱ ብሎ ያጣል። ለበቆሎ ብሎ!» አጎቴ ብሩሹን አላቆሙም። ባሌ ደግሞ ዝም ሲሉት የሚብስበት ሰው ነው፤ «ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ነው፤ ያንቺም ስም አብሮ እንዳይነሣ ብቻ» አለኝና ዳቦውን ጎረሰ። ስድስት ዓመት የሞላት ልጃችን ከአጎቴ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሠረች ነበር። ሶፋው ቀን ወንበር፣ ማታ የአጎቴ አልጋ ነው፤ ብርድ ልብሱን እንደ ወታደር አራት ማዕዘን አድርገው አጣጥፈው ጥግ ላይ ያኖሩታል። በዚህች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሰው ሲቆጣ የሚሄድበት ስለሌለ፣ ዝም ይላል። አሁን ልናገር፣ አሁን፣ ዳቦውን ሳይውጥ፣ እያልኩ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ተቋም ውስጥ በቆሎ እናስጠማለን፤ ሥራችን ነው። ተክል ሥሩ ሲደርቅበት በገዛ አካሉ ውስጥ አንድ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ ወደ ቅጠሉ ይወጣና በዐይን የማይታዩትን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ያዘጋቸዋል። ቅጠል የሚተነፍሰው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው፣ ውኃውም የሚተነው በእነሱው ነው፤ ሲዘጉ በውስጡ የቀረችው ውኃ ትቆይለታለች። ጉዳትም አለው፤ ቀዳዳው የተዘጋ ተክል ምግቡንም እንደ ልቡ ስለማይሠራ ዕድገቱ ይገታል። የአለቃችን የዶክተሩ ሐሳብ፣ ድርቁ ሳይደርስ ሆርሞኑን ብንረጭለት ተክሉ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ዝናብ ቢዘገይ እንኳ ሳይሞት ይጠብቃል የሚል ነው። ለአጎቴ ይህን ያስረዳኋቸው ቀን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በቆሎም ይፈራል በይኛ! እናንተ ደግሞ ፍርሃቱን በጠርሙስ አድርጋችሁ ትሰጡታላችሁ።» ከዚያ ወዲህ ስሙ «የፍርሃት ውኃ» ሆኖ ቀረ፤ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ የሚጠሩት እንዲያ ነው። አጎቴ ከተማ የገቡት ሦስት ዓመት በተከታታይ ዝናብ ሲቀርባቸው ማሳቸውን ትተው ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ «ያኔ ቢኖር ኖሮ» አሉና ወደ ቧንቧቸው ተመለሱ፤ የተቋሙ አትክልተኛ ናቸው።

ግሪንሃውሱ ውስጥ ሰማንያ ባልዲ አለ፣ በየባልዲው አንድ በቆሎ። አርባው ሆርሞን ይረጭበታል፣ አርባው ለማነጻጸሪያ ባዶ ውኃ ይረጭበታል፤ ከዚያ ሁሉም ውኃ መጠጣት ያቆማል። ሆርሞኑ ብርሃን ካገኘው ስለሚበላሽ ጠርሙሱ በፎይል ይጠቀለላል። የሚረጨው ሰው በዐይኑ ለይቶ እንዳያዳላ የውኃውም ጠርሙስ በፎይል ይጠቀለላል፤ መለያቸው ፎይሉ ላይ በማርከር የሚጻፍ «አንድ» እና «ሁለት» ብቻ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ፎይል ሲቀደድ አንዱን ጠርሙስ ልጠሽ፣ ጠቅልለሽ፣ ጽፈሽ ሳትጨርሺ ሌላውን አትነኪም። ይህን ደንብ ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ያውም ጣቴን እየቀሰርኩ። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ላጥኳቸው። ከፍሪጅ ሲወጡ አልቧቸው፣ ፎይሉ ረጥቦ ተቀዶ ነበር። አደረቅኳቸው፣ አዲስ ፎይል ጠቀለልኩላቸው፣ ማርከሩን ሳነሣ ስልኬ ጮኸ። ከትምህርት ቤት ነው፤ ልጄን አተኩሷታል። ስልኩን ዘግቼ ቁጥሮቹን ጻፍኩና ሮጥኩ። የግራውን ግራ፣ የቀኙን ቀኝ ያስቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ አጎቴ በተጻፈው መሠረት ረጩ።

በአምስተኛው ቀን ሆርሞን አግኝቷል የተባለው ረድፍ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ሲያጎነብስ፣ ውኃ ብቻ ተረጭቶበታል የተባለው ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሁ። ማንም ሳያየኝ ከቦርሳዬ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አውጥቼ የቅጠሉን ጀርባ ቀባሁ። ሲደርቅ በፕላስተር ሲነሣ የቅጠሉ ቆዳ ታትሞበት ይወጣል፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ቀዳዳዎቹ ይታያሉ። የቆሙት በቆሎዎች ቀዳዳ እንደ ተኛ ሰው ዐይን ተከድኗል። የጠወለጉት ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ጠርሙሶቹን አቀያይሬያለሁ። ያን ፕላስተር አጣጥፌ መጸዳጃ ቤት ጣልኩት፣ የሚያወርደው ውኃ ስላልነበረ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ቀኑ ሄደ። ኮንትራቴ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ትናንት ዶክተሩ ገብቶ ረድፎቹን ሲያይ በመጀመሪያ ያሰበው ጠርሙሱን ሳይሆን ቧንቧውን ነበር። የግሪንሃውሱ ቁልፍ ያለን ሦስት ሰዎች ነን፤ እሱ፣ እኔና አጎቴ። ከሦስታችን በቆሎን «አይዟችሁ» የሚሉት አጎቴ ብቻ ናቸው። በሩ ጋ ቆሜ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ «ሽማግሌው ናቸው፣ አዝነውላቸው ነው መሰለኝ» ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አጎቴ አምስት እርምጃ ራቅ ብለው ቧንቧ እየጠቀለሉ አልሰሙም። እኔ ሰማሁ፣ ሰምቼም እፎይ አልኩ። ለአንድ አፍታ ነው፣ ግን እፎይ አልኩ።

ከአጎቴ ጋር በአንድ ታክሲ ሄድን። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ናቸው እናትም አባትም የሆኑኝ፤ የኮሌጅ ክፍያዬ ከዚያ ቧንቧ ነው የወጣው። ቦቱን በላስቲክ አድርገው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ እንደ ሁልጊዜው የሁለታችንንም ከፈሉ፤ ታሪፉ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጨምሯል፣ ረዳቱ ስለ ጭማሪው የሚጨቃጨቀው ሰው አጥቶ ለራሱ ያጉረመርማል። መስኮቱ ላይ አቧራ ነው። ጡረታቸው ላይ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል፤ በጥፋት ከተባረሩ ተቋሙ ለጡረተኞቹ የሚሰጠው ሁሉ ይቀራል። «ጋሼ» አልኩ። «አቤት ልጄ» አሉ። «እግርዎን አላመመዎትም?» አልኩ። «ደህና ነኝ» አሉ፣ እግራቸውን አይተው። እዚያው ሳለን ወራጅ አለ ብዬ መውረድና መሮጥ አሰብኩ፤ ወዴት እንደምሮጥ ግን አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ላይ ግሪንሃውሱ ገና ጠዋት በጠዋት ይሞቃል። የዕለት ሥራዬ ባልዲዎቹን መመዘን ነው። ሙከራው ሲጀመር እያንዳንዱ ባልዲ ውኃ ጠጥቶ ሁለት ኪሎ እንዲሞላ ይደረጋል፤ ከዚያ በየጠዋቱ ምን ያህል እንደቀነሰ እጽፋለሁ፤ የቀነሰው በቅጠሉ የወጣው ውኃ ነው። ዶክተሩ የሚያየው በየሳምንቱ የምሰጠውን ማጠቃለያ ነው፣ ደብተሩን የምገልጠው እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬም ሰማንያዎቹን መዘንኩ፤ ምን ላድርግ፣ እጄ ሌላ አያውቅም። አሥራ ሰባተኛው ባልዲ፣ ከቆሙት አንዱ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ግራም። ትናንት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ። ከትናንት ወዲያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ አንድ። ወደ ኋላ እየገለጥኩ ሄድኩ። ሰው ያጠጣው ባልዲ አንድ ቀን ክብደቱ መጨመር አለበት፤ ውኃ ተደብቆ አይጠጣም፣ ሚዛን ያጋልጠዋል። አርባዎቹ ባልዲዎች አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ አልጨመሩም፤ ቀስ እያሉ ነው የቀነሱት። የአጎቴ ንጽሕና በገዛ እጄ ጽሑፍ ተጽፎ ተቀምጧል። ደብተሩን ዘጋሁት፤ ላቤ ሽፋኑ ላይ አረፈ።

አራት ሰዓት ላይ ትንሿ ስብሰባ ክፍል ገባን። አራት ወንበር፣ አንድ በግማሽ የተሰቀለ መጋረጃ፣ ጠረጴዛው ላይ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የታሸገ ውኃ። ማንም አልከፈተውም። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያንጸባርቅ ጫማ ያደርጋል፣ ሁሉን በስሙ ይጠራል፣ አምና ልጄ ታማ ሳለ ለሦስት ቀን ፈቃድ ሰጥቶኛል። አጠገቡ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ የተጠራሁት የሙከራው ቴክኒሽያን ስለሆንኩ ነው። አጎቴ ቆብ የላቸውም፣ ግን ሲገቡ ቆብ እንደሚያወልቅ ሰው እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ።

«አባት፣ ማንም ሊጎዳዎት አይፈልግም» አለ ዶክተሩ። «አዘንኩላቸው፣ አጠጣሁ ይበሉና እንጨርስ።»

«አላጠጣሁም።»

«እነዚያ አርባዎቹ እንዴት ቆሙ ታዲያ?»

«እሱን እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ። ላጠጣ ብል ልጄ፣ ሁሉንም ነበር የማጠጣው። የጠወለጉት ምን በደሉኝ?»

ኃላፊዋ ሳቋ አመለጣት፣ አፏን በወረቀቱ ሸፈነች። ዶክተሩ አልሳቀም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛና ቀስ ብሎ ተናገረ። «እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ካላጠጡ ጠርሙሶቹ ተቀያይረዋል ማለት ነው። ጠርሙሶቹን የምታዘጋጀው ደግሞ እሷ ናት።» ይህን ሲል ወደ እኔ አልዞረም፤ ወደ አጎቴ ነው የሚያየው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ግን ዞረችብኝ። ከፊቴ ያለውን የታሸገ ውኃ ወረቀት በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ። መናገር ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ናት፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ»። ኮንትራቱ ታየኝ፣ የቤት ኪራዩ፣ ባሌ ለግድግዳው የሚናገረው፣ «ቴክኒሽያኗ» ብሎ የሚጠራኝ ማንም የማይኖርበት ጊዜ። ፈራሁ። ሌላ ምንም አልነበረም፣ ፍርሃት ብቻ። አጎቴ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። ፊቴን አልነበረም ያዩት፣ እጄን ነው። ልጅ ሳለሁ ዕቃ ስሰብር ማን እንደሰበረው ጠይቀው አያውቁም፤ እጄን አይተው ያውቁ ነበር።

«አጠጥቻለሁ» አሉ።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አነሣችና «ሌሎቹንስ ለምን ተዉአቸው?» አለች፣ ለቃለ ጉባኤው መሆን አለበት። አጎቴ ትንሽ አሰቡ። «ውኃው አልበቃኝም» አሉ። አጎቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲህ አሳምረው እንደሚዋሹም አላውቅም ነበር። ዶክተሩ ተነሥቶ ትከሻቸውን ጨበጥ አደረጋቸው፤ «ሰው ነዎት፣ ይገባኛል» አላቸው፤ ኃላፊዋም የስንብት ወረቀቱን ሰጠቻቸው። በር ላይ ስንደርስ አጎቴ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጅቷን ከትምህርት ቤት መውሰድ እንዳትረሺ» አሉኝ። ከዚያ ዕቃቸውን ሊያስረክቡ፣ ቦቱን በላስቲክ እንዳንጠለጠሉ፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄዱ። ጀርባቸው ላይ ላብ ነበር።

ምሳ አልበላሁም። የምሠራበት ጠረጴዛ ጋ ቆሜ ሚዛኑን በጨርቅ ወለወልኩ፣ ደግሜ ወለወልኩ። ለራሴ ብዙ ነገር ነገርኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ እኔ ጋ ይኖራሉ፣ የማበላቸው እኔ ነኝ፣ እኔ ሥራ ከፈታሁ ሁላችንም ነን የምንራበው፤ በገዛ አፋቸው ብለዋል፣ ማን አስገደዳቸው። አየር ላግኝ ብዬ ወደ ዋናው በር ወጣሁ። ሁለቱ ጥበቃዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ወሬው ደርሷቸዋል፤ ወሬ እዚህ ግቢ ውስጥ ከቧንቧው ውኃ ይፈጥናል። አንደኛው አጎቴን ሆኖ፣ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ «አይዟችሁ፣ ለናንተ ስል ነው የምባረረው፣ ፍሬ ስታፈሩ አስታውሱኝ» እያለ ለአንዲት የደረቀች ቁጥቋጦ ያጠጣል። ሌላው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ የሽማግሌው ዘመድ መሆኔ ትዝ አላቸውና ድንግጥ አሉ። ዝም ካልኩ የሆነ ነገር የሚገባቸው መሰለኝ። ሳቅኩ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፣ ጮክ ብዬ። እነሱ ግን አልሳቁም፤ አንደኛው ጠርሙሱን ከኋላው ደበቀ።

ያ ሳቅ ከራሴ አፍ ሲወጣ ስሰማ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ከሥራ መባረሩን አይደለም የፈራሁት። ማታ ቤት ገብቼ፣ ያቺን ሶፋ ዘርግቼላቸው፣ ደህና እደሩ ጋሼ ስላቸው ድምፄ ምን ሊመስል እንደሚችል ነው። ደብተሩን ብብቴ ሥር አድርጌ ዶክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ኮሪደሩ አርባ እርምጃ ነው፣ በየአሥሩ እየቆምኩ ነው የሄድኩት።

ዶክተሩ «ግባ» አለኝ፣ ማን መሆኔን ሳያይ። ስገባ ኮምፒውተሩን ገፋ አደረገ። «ተቀመጪ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ ፎይሉን፣ ስልኩን፣ የልጄን ትኩሳት፣ የጥፍር ቀለሙን፣ ክብደቱ አንድ ቀን እንኳ አለመጨመሩን። ዶክተሩ ደብተሩን አልከፈተውም።

«ትናንት ከሰዓት አይቼዋለሁ» አለ።

አልገባኝም። እጁን ዘርግቶ ገለጠልኝ። በየገጹ ግርጌ፣ በእርሳስ፣ እንደ ጉንዳን ያነሰ ምልክት አለ፤ አንብቦ ሲጨርስ የሚያደርገው ምልክት ነው። ጠዋት ስገልጥ ላቤ እንጂ ምልክቱ አልታየኝም። «እስከ ትናንት ያለውን ሁሉ አይቼዋለሁ» አለ። «ማንም እንዳላጠጣ አውቃለሁ።»

«ታዲያ አጎቴን…»

«ስሚኝ። የሚረዱን ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። ጠርሙስ ተቀያየረ ካልኳቸው ይህን ሙከራ ብቻ አይደለም የሚጠረጥሩት፤ የሦስት ዓመቱን ሁሉ ነው። ያኔስ አልተቀያየረም ወይ ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ አዝኖ አጠጣ ካልኳቸው ግን ይስቃሉ፣ አንጀታቸውም ይበላል፣ አንድ ሙከራ ደግመን እንሠራለን። መድኃኒቱ ይሠራል እኮ! አየሽው አይደል? ያቆማቸዋል። ለስንት ገበሬ ይደርሳል። ለአንድ ሰው ስምንት ወር ብለን ይህን እንቅበረው?» ድምፁ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሐኪም። «አንቺንም ማጣት አልፈልግም። ኮንትራትሽን ዛሬ ነው የምፈርመው።» አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ቃለ ጉባኤው ነው፤ ከታች ለምስክር የተተወ መስመር አለ፣ ስሜ ተተይቦበታል።

ይህ ሰው እውነቱን ያውቃል ብዬ አሰብኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የእኔ ጌታ ነው። ነገ ሌላ ወረቀት ቢሰጠኝ እፈርማለሁ፣ ከነገ ወዲያም። እስክሪብቶውን አነሣሁት፣ እውነቴን ነው፣ አነሣሁት። ክዳኑ አልከፈት አለኝ፤ ስታገለው እስክሪብቶው ወለሉ ላይ ወደቀና ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ዶክተሩ ሊያነሣው ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ደብተሩን ይዤ ወጣሁ። «ደብተሩን አስቀምጪ!» ሲል የሰማሁት ደረጃው ላይ ደርሼ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው፤ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው የወጣሁት፣ እሱም ለመታወቂያ። ሁለት ደረጃ ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ ወጣሁ፣ ቆም ካልኩ እንደምመለስ አውቃለሁ።

ጸሐፊዋ ጥፍሯን እያየች «ምን ጉዳይ ነበር?» አለችኝ። «ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ልናገር ነው የመጣሁት» አልኳት። ይህን ያልኳት የማላውቃት ሴት ናት፤ ምንም አልመሰላትም። «ቁጭ በዪ፣ ተራ አለ» አለችኝና በአገጯ ወደ አግዳሚው አመለከተችኝ። አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። አጎቴ ናቸው፤ የስንብት ወረቀታቸውን ይዘው ማኅተም ይጠብቃሉ። የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የሒሳብ ክፍል ፊርማ ሁሉ አልቆላቸዋል፤ የቀራቸው የመጨረሻው ነው። እኔን ሲያዩ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ገለበጡት።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉኝ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ በሹክሹክታ።

«ልናገር ነው ጋሼ።»

«ሂጂ፣ ሥራሽ ላይ ሁኚ። ልጅ አለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ብያለሁ በቃ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«አላጠጡም እኮ።»

ጠዋት ጫማቸውን ሲያጥቡ፣ ስብሰባው ላይ ሲጠየቁ፣ ዕቃቸውን ሲያስረክቡ ያልፈሩት ሰውዬ አሁን ፊታቸው አመድ መሰለ። እጄን ያዙኝ፤ አጥብቀው፣ መንገድ ሲያሻግሩኝ እንደሚይዙኝ፣ ከዚያ አግዳሚ ላይ እንዳልነሣ። ከታች ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ይመጣል፤ የሚያንጸባርቅ ጫማ ድምፅ ነው፣ አልቸኮለም። የውስጠኛው በር ተከፈተና አንድ ሰው ፋይል ይዞ ወጣ። ጸሐፊዋ ዝርዝሯን አየችና «ሽማግሌው፣ ይግቡ» አለች።

አጎቴ ለመነሣት እጄን መልቀቅ ነበረባቸው፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጅ ደግፈው ነው የሚነሡት። ለቀቁኝ። ሳይነሡ ተነሣሁ፣ ትከሻቸውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳቸው። «ተራቸውን ለእኔ ሰጥተውኛል» አልኳት ለጸሐፊዋ።

ጸሐፊዋ ወደ እሳቸው ዞረች፣ እውነት ነው ወይ በሚል። አጎቴ ከጉልበታቸው የተንሸራተተውን ወረቀት ለማንሣት ጎንበስ አሉ። እኔም እየፈራሁ፣ ደብተሩን ይዤ ገባሁ።